አንድ ክንድ፣ 14 ማልያ፦ የቤዝቦል ተጫዋች ለምን ከቡድን ቡድን ይዞራል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 2011 ሲነጋ ኤድዊን ጃክሰን የቺካጎ ዋይት ሶክስ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በዚያው ቀን ውሉ ድንበር ተሻግሮ የካናዳው ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ንብረት ሆነ። ቶሮንቶ ግን ለራሱ አልፈለገውም፤ ቀኑ ሳይመሽ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሳልፎ ሰጠው። ጃክሰን የቶሮንቶን ማልያ ሳይለብስ፣ ሜዳውን ሳይረግጥ፣ ከቺካጎ በቀጥታ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። በአንድ ቀን ሦስት አሠሪዎች ተፈራረቁበት። ከሦስቱ አንዳቸውም ፈቃዱን የመጠየቅ ግዴታ አልነበረባቸውም።

ይህ ሰው ከ2003 እስከ 2019 ድረስ በአሜሪካ ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ፣ ለ14 የተለያዩ ቡድኖች ተጫውቷል። በ2025 ሪች ሂል የሚባል ወርዋሪ በ14 እኩል እስኪሆነው ድረስ፣ በሊጉ ረጅም ታሪክ ይህን ያህል ማልያ የለበሰ ሌላ ተጫዋች አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ተጫዋች “ጆርኒማን” ይሉታል። ቃሉ ከድሮ የእጅ ሙያተኞች የመጣ ነው፤ ሙያውን ጠንቅቆ የተማረ፣ ነገር ግን የራሱ መሥሪያ ቤት የሌለው፣ በቀን ሒሳብ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየሄደ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነበር። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ “ማንም የማይፈልገው ተጫዋች” ብሎ ይተረጉመዋል። የጃክሰንን መንገድ ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት ስንከተለው ግን እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ ምክንያት እንደነበረው እናያለን፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው ተጫዋቹ ላይ ሳይሆን ደንቡ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ከእግር ኳስ ጋር እናነጻጽረው፤ የብዙዎቻችን መለኪያ እርሱ ነውና። በእግር ኳስ ሁለት ክለቦች በዋጋ ከተስማሙ በኋላም ዝውውሩ አላለቀም። ተጫዋቹ ከአዲሱ ክለብ ጋር ስለ ደመወዙና ስለ ውል ዘመኑ መስማማት አለበት፤ “አልሄድም” ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚተላለፈው ውሉ ራሱ ነው። ሁለት ቡድኖች ከተስማሙ ውሉ ከነደመወዙና ከነቀሪ ዘመኑ እንዳለ ይሻገራል፣ ሰውየውም ውሉን ተከትሎ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ የዝውውር ገንዘብ የሚባል ነገርም የለም፤ ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። የእኛን ወርዋሪ ውሰዱ፣ እናንተ ሁለት ወጣቶች ስጡን ይባባላሉ።

ተጫዋቹ እምቢ የሚልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲፈርም ያለ ፈቃዱ እንዳያዛውሩት የሚከለክል አንቀጽ በውሉ ማስገባት ሲሆን ይህን የሚያገኙት በአብዛኛው ትልልቅ ኮከቦች ናቸው። ሁለተኛው፣ በሜጀር ሊግ አሥር ዓመት ያገለገለና ከእነዚያም የመጨረሻዎቹን አምስት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች በደንቡ የሚያገኘው መብት ነው። ይህ ሁለተኛው መብት የሚከላከለው እንግዲህ አስቀድሞ የተረጋጋውን ሰው ነው። ከአንድ ቡድን ጋር ከሦስት የውድድር ዘመን በላይ ቆይቶ የማያውቀው ጃክሰን አምስቱን ዓመት ከየት ያመጣል?

ቀጥሎ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ወርዋሪ ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ ዝውውሩም ትርጉም አይኖረውም። ወርዋሪው ከመሬት ትንሽ ከፍ ባለች ጉብታ ላይ ቆሞ 18.44 ሜትር ርቆ ወደሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል። ጃክሰን በወጣትነቱ ኳሱን በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፍ ነበር፤ መቺው አይቶ ለመወሰን ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላለትም። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ በሚባሉ ዙሮች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ተከላካዩ ቡድን ሦስት ተጋጣሚዎችን ከጨዋታ ካወጣ በኋላ ተራው ይቀየራል። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ጥሩ ቀን ከገጠመው ስድስትም ሰባትም ኢኒንግ ተሸክሞ፣ 100 ያህል ኳስ ወርውሮ ይወርዳል። ከዚያ ክንዱን ለማሳረፍ አራት ወይም አምስት ቀን ያስፈልገዋል።

ሒሳቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። አንዱ ወርዋሪ በአምስት ቀን አንዴ ብቻ መጀመር ስለሚችል አምስት ጀማሪ ወርዋሪዎች ያስፈልጋሉ፤ ለእያንዳንዱም 32 ያህል ጨዋታ ይደርሰዋል። በዓመት ወደ 1,450 የሚጠጋ ኢኒንግ አለ፤ ሁሉንም አንድ ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ መሙላት አለበት። የሰው ክንድ ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። ትከሻ ይቃጠላል፣ የክርን ጅማት ይበጠሳል፤ የክርን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወርዋሪ ከዓመት በላይ ከሜዳ ይርቃል። አምስቱን ወርዋሪዎቹን ይዞ ጀምሮ አምስቱንም ይዞ የሚጨርስ ቡድን እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ በዚህ ገበያ ውስጥ ድንቅ ከመሆን ቀጥሎ ትልቁ ሀብት መገኘት ነው፤ ተራህ በደረሰ ቁጥር መቅረብ። ጃክሰን ከ2008 እስከ 2013 ባሉት ስድስት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ ከ30 በላይ ጨዋታ ጀምሯል። ይህን ከላይ ካለው የ32 ጨዋታ ሒሳብ ጋር አስተያዩት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ተራው ደርሶ የቀረበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ግን ይመጣል። በዚህ ሥራ ላይ ያለኝ አክብሮት የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

ጃክሰን የተወለደው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1983 በምዕራብ ጀርመን ኖይ ኡልም ከተማ ነው፤ አባቱ በዚያ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ነበሩ። ያደገው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ኮሎምበስ ነው። በ2001 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደወጣ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በዕጩዎች ምርጫ በስድስተኛው ዙር መረጠው። ይህም ምርጫ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው፤ ወጣቱ ቡድኑን አይመርጥም፣ ቡድኖች በተራ ወጣቶችን ይመርጣሉ፣ የመረጠው ቡድንም ከእርሱ ጋር የመዋዋል ብቸኛ መብት ያገኛል።

በልደቱ ቀን፣ ልክ 20 ዓመት ሲሞላው፣ ዶጀርስ ከታችኛው ሊግ ጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜጀር ሊግ ጉብታ ላይ አቆመው። በተቃራኒው ወገን የሚወረውረው ራንዲ ጆንሰን ነበር፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ በዘመኑ መቺዎችን ከሚያስፈሩ ወርዋሪዎች ግንባር ቀደሙ። ልጁ አሸነፈ፤ 4 ለ 1። በማግስቱ የወደፊቱ የዶጀርስ ኮከብ ተባለ።

አልሆነም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ኳሱ ፈጣን ነበር፤ ግን የት እንደሚያርፍ እርሱም አያውቅም። ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፣ ተጠራ፣ እንደገና ወረደ። ይህን መውጣትና መውረድ የሚገዛ ደንብ አለ። አንድ ቡድን በዋና ዝርዝሩ የያዘውን ተጫዋች በሦስት የተለያዩ የውድድር ዘመናት ወደ ታች ሊልከውና ሊመልሰው ይችላል። ሦስቱ ካለቁ በኋላ ግን ሊያወርደው ከፈለገ አስቀድሞ ለሌሎች ቡድኖች ሁሉ “የሚወስደው አለ?” ብሎ ማቅረብ አለበት፤ አንዱ እጁን ካነሳ ተጫዋቹ ይሄዳል። በላይና በታች ያለው የኑሮ ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። በ2023 በሜጀር ሊግ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 720,000 ዶላር ሲሆን፣ ከእርሱ በአንድ እርከን ብቻ ዝቅ ባለው ሊግ ዝቅተኛው 35,800 ዶላር ነበር። ይህም ለታችኛው ሊግ ተጫዋቾች ትልቅ ጭማሪ ከተደረገ በኋላ የተገኘ ቁጥር ነው።

በ2006 መጀመሪያ ዶጀርስ ተስፋ ቆርጦ ለታምፓ ቤይ ሰጠው። ታምፓ ያን ጊዜ ደካማ ቡድን ነበር፤ ደካማ ቡድን ደግሞ ለወጣት ወርዋሪ አንድ በረከት አለው፣ ይታገሣል። በ2007 ጃክሰን 5 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። በዘጠኝ ኢኒንግ ሒሳብ በአማካይ 5.76 ነጥብ ያስቆጥሩበት ነበር። ጥሩ የሚባለው ወርዋሪ ከአራት በታች መሆኑን ካሰብን ይህ ክፉ ቁጥር ነው። ታምፓ ግን ከጉብታው አላወረደውም፤ በአምስት ቀኑ እየጠራ አስወረወረው። በቀጣዩ ዓመት 14 አሸነፈ፣ ታምፓም ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ እስከ ወርልድ ሲሪስ፣ ዋንጫው እስከሚለይበት የፍጻሜ ተከታታይ ጨዋታዎች ደረሰ።

ከዚያስ? በዲሴምበር 2008 ለዲትሮይት ታይገርስ ሰጠው። የዚህ ምክንያት የአገልግሎት ዘመን የሚባለው ሒሳብ ነው። ተጫዋቹ በሜጀር ሊግ ዝርዝር ውስጥ የዋለበት እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል፤ 172 ቀን ሲሞላ አንድ ዓመት ይባላል። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ደመወዙን የሚወስነው በአመዛኙ ቡድኑ ነው፤ ዝቅተኛውን ወይም ለእርሱ የቀረበውን ይከፍሉታል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ካልተስማሙ ጉዳዩን ገለልተኛ ዳኞች ያያሉ፤ ደመወዙም በየዓመቱ ይዘላል። ስድስት ዓመት ሲሞላ ነጻ ወጥቶ ለፈለገው ቡድን ይፈርማል። ጃክሰን ሦስተኛውን ዓመት የጨረሰው በ2008 ነበር። በርካሽ የተገኘ ጥሩ ወርዋሪ ሊወደድ ሲል፣ ገንዘብ የሚያጥረው ታምፓ ለመጣበት ዋጋ ለወጠው። ጥፋት አልነበረበትም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር መሻሻል ነበር።

በዲትሮይት የሥራ ዘመኑን ምርጡን ዓመት አሳለፈ። በ2009 ለኦል ስታር፣ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመረጠ፣ 13 አሸነፈ፣ አማካዩ 3.62 ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ወጪ መቀነስ የፈለገው ዲትሮይት ሦስት ቡድኖች በገቡበት ልውውጥ ወደ አሪዞና ዳይመንድባክስ ላከው። በዚያ ልውውጥ ከአሪዞና ወደ ዲትሮይት ከሄዱት መካከል ማክስ ሸርዘር የሚባል ወጣት ወርዋሪ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

አሁን ወደ አንድ ምሽት ልውሰዳችሁ፤ ጁን 25 ቀን 2010፣ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ፒተርስበርግ። ጣሪያ የተከደነበት የታምፓ ቤይ ስታዲየም ነው፤ ጃክሰን ሦስት ዓመት የኖረበት ሜዳ። ዛሬ ግን የአሪዞናን ማልያ ለብሶ እንግዳ ሆኖ መጥቷል። ኳሱ እሺ አይለውም። መቺው ሊመታው ከሚችለው ቦታ ውጭ አራት ጊዜ የተወረወረበት መቺ ያለ ምንም ድካም ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ ከሚታለፉት ማረፊያዎች ወደ አንደኛው ይሄዳል፤ ጃክሰን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢኒንጎች ብቻ ሰባት ሰው እንዲህ በነጻ አሳልፏል። በሦስተኛው ኢኒንግ አንድም ሰው ሳያወጣ ሦስቱም ቤዞች በተጋጣሚ ተሞሉ። አንድ ምት ቢገባ ሁለት ነጥብ ይሄዳል፣ አሪዞና የያዘው ብልጫ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ አዳም ላሮሽ በሁለተኛው ኢኒንግ ከሜዳ ውጭ ባሻገራት ኳስ የተገኘች።

ከዚያ ወጥመድ ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ። ማንም በትክክል አልመታውም ነበር። አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ። የተወረወረው ኳስ ብዛት 100ን ሲያልፍ አሰልጣኙ ኤ. ጄ. ሒንች ጭንቅ ውስጥ ገባ። ደንበኛው አሠራር “በቃህ፣ ክንድህን እንዳትጎዳ ውረድ” ማለት ነው። በሌላ በኩል አንድም ንጹሕ ምት ሳይሰጡ ዘጠኙን ኢኒንግ መጨረስ አብዛኛው ወርዋሪ በዕድሜው አንዴም የማያገኘው ነገር ነው። ጃክሰን መውረድ አልፈለገም። በስተመጨረሻ 149 ኳስ ወርውሮ፣ ስምንት ሰው በነጻ አሳልፎ፣ አንድም ምት ሳይመታበት 1 ለ 0 አሸንፎ ወጣ። ከተለመደው በግማሽ የሚበልጥ ሸክም ነው። ይህን ጨዋታ ውበት የለውም የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን የዚህን ሰው የሥራ ዘመን ከሌላው ጨዋታ ሁሉ ይልቅ ይኸኛው ያሳያል። ጥሩ ሆኖ ያልጀመረውን ቀን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ አደረሰው።

ስድስት ቀን ቆይቶ አሪዞና ሒንችንና የቡድኑን ዋና ሥራ አስኪያጅ አሰናበተ። ቡድኑ በምድቡ ግርጌ ነበር፤ አዲሱ አመራር ያለውን እየለወጠ ለነገ ማጠራቀም ጀመረ። ታሪክ በሠራ በ35ኛው ቀን ጃክሰን ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተሰጠ። በምትኩ አሪዞና ካገኛቸው ሁለት ወርዋሪዎች አንዱ ዳንኤል ሐድሰን ይባላል። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

በየዓመቱ የጁላይ መጨረሻ ሲቃረብ ቤዝቦል ገበያ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የልውውጡ ቀነ ገደብ በዚያ ሰሞን ስለሆነ ዋንጫ የሚያልም ቡድን “ዛሬ የሚወረውርልኝ” ሲል፣ ተስፋ የቆረጠው ደግሞ “ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያድግልኝ” ይላል። ልምድ ያለው፣ ውሉ ሊያልቅ የቀረበ፣ ጤነኛ ክንድ ያለው ወርዋሪ ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው፣ ለሁለተኛው የሚተርፈው ዕቃ ነው። ጃክሰን በተከታታይ ሁለት ጁላይ እዚያ ቦታ ላይ ተገኘ።

በመግቢያዬ ያነሳሁት ቀንም ይኸው ሁለተኛው ጁላይ ነው። ቶሮንቶ ከሴንት ሉዊስ ኮልቢ ራስመስ የሚባል ወጣት መቺ ፈልጎ ነበር፤ ሴንት ሉዊስ ደግሞ ወርዋሪ ይፈልግ ነበር። ቶሮንቶ ወርዋሪውን ከቺካጎ ወስዶ ለሴንት ሉዊስ አሳለፈ። በዚያ ጭነት ውስጥ ከጃክሰን ጋር አብሮ የተላከው ኦክታቪዮ ዶቴል የሚባል የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ ነበር። ዶቴል በቀጣዩ ዓመት ለ13ኛ ቡድኑ ተጫውቶ የማልያ ብዛት ክብረ ወሰንን ያዘ። በኋላ ክብረ ወሰኑን የሚሰብርበት ሰው ያን ቀን ከእርሱ ጋር ወደ አንድ ከተማ እየተጓዘ ነበር።

ሴንት ሉዊስ በዚያ ዓመት ወርልድ ሲሪስን ቴክሳስ ሬንጀርስን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ወሰደ። ጃክሰን አራተኛውን ጨዋታ ጀምሮ ሰባት ሰው በነጻ አሳልፎ ተሸንፏል፤ ቡድኑ ግን ዋንጫውን አነሳ፣ እርሱም የሻምፒዮኖቹን ቀለበት አገኘ።

ያኔ ስድስቱ ዓመት ሞላ። ከተመረጠ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድበትን ራሱ መረጠ። ለ2012 ለዋሽንግተን ናሽናልስ በ11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረመ፤ ከዓመት በኋላ ቺካጎ ከብስ የአራት ዓመት የ52 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። በመጨረሻ የሚረጋጋበት ቤት ያገኘ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ2013 8 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። በ2014 አማካዩ ወደ 6.33 አሻቀበ። በጁላይ 2015 ከብስ አሰናበተው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይረዳው ነገር አለ። የሜጀር ሊግ ውል ዋስትና ያለው ነው፤ ቡድኑ ተጫዋቹን ቢያሰናብተውም የቀረውን ገንዘብ ይከፍላል። የተሰናበተውን ሰው ሌላ ቡድን ሲወስደው ለእርሱ የሚከፍለው የሊጉን ዝቅተኛ ደመወዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው የቀድሞው ቡድን ነው። በ2016 ዝቅተኛው 507,500 ዶላር ነበር፤ ጃክሰን በዚያ ዓመት በውሉ የሚገባው 11 ሚሊዮን ነው። ማያሚ ማርሊንስ ሲያስፈርመው እንግዲህ ያን ሁሉ ልምድ በሊጉ እጅግ ርካሽ ዋጋ አገኘው፤ የቀረውን ከብስ ከፈለ። አትላንታ ብሬቭስ በ2015፣ ከማያሚ ቀጥሎም ሳንዲያጎ ፓድሬስ የወሰዱት በዚሁ ሒሳብ ነው። ትልቅ ውል ፈርሶበት የወደቀ ተጫዋች በድንገት ለሁሉም የሚቻል ተጫዋች ይሆናል። የማልያዎቹ ቁጥር በእነዚህ ዓመታት የፈጠነው ለዚህ ነው።

የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላ ግን ያ ጥላ የለም። ከ2017 ጀምሮ ጃክሰን የሚፈርመው የታችኛው ሊግ ውል ነበር፤ በጸደይ ልምምድ ተገኝቶ ራሱን እንዲያሳይ ይጋበዛል፣ ቦታ ካላገኘ ወደ ታች ወርዶ ይጠብቃል። በእንዲህ ያለው ውል ውስጥ “እስከዚህ ቀን ካልጠራችሁኝ ልሂድ” የሚል አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ነው። በ33 እና በ34 ዓመቱ፣ ቀለበትም ገንዘብም ያለው ሰው፣ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር በታችኛው ሊግ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። ባልቲሞር ኦርዮልስ ጠራው፤ ከዚያ ዋሽንግተን እንደገና።

በ2018 ኦክላንድ አትሌቲክስ ጀማሪ ወርዋሪዎቹ እየተጎዱ አለቁበት። በጁን ጃክሰንን ጠራ፤ 13ኛ ቡድኑ፣ ከዶቴል ጋር እኩል። ክፍተት ሊሸፍን የመጣ ጊዜያዊ መጠገኛ ነበር፤ ግን 17 ጨዋታ ጀምሮ 6 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ፣ አማካዩም 3.33 ሆነ፤ ከዲትሮይቱ ምርጥ ዓመት እንኳ የተሻለ። ኦክላንድ በዚያ ዓመት 97 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ማጣሪያው አለፈ።

በሰው ወገን ያለውን ደግሞ አስቡት። አዲስ ቡድን የገባ ወርዋሪ ኳሱን የሚቀበለውን ቀላቢ ያን ዕለት ይተዋወቃል፤ የምልክቶቹን ትርጉም፣ የተከላካዮቹን አቋቋም፣ የአሰልጣኙን አመል በጥቂት ቀን ይማራል። ቤት ይከራያል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ ወይም ከአባታቸው ይለያሉ። አብረውት የተጫወቱ ሰዎች ጃክሰንን በመልካም ባልደረባነቱ ያነሱታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራ አስኪያጆች በዓመቱ መካከል የሚያስገቡት እንግዳ የመልበሻ ክፍሉን ሰላም እንዳያናጋ ይፈራሉ፤ አማካያቸው እኩል ከሆነ ሁለት ወርዋሪዎች መካከል የሚጠራው ያ የሚታመነው ነው።

ያስያዝኋችሁን ሁለት ስሞች አሁን ልመልሳቸው። በኦክቶበር 30 ቀን 2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ በሂውስተን የወርልድ ሲሪስን ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። ያን ጨዋታ የጀመረው ማክስ ሸርዘር ነው፤ የመጨረሻዎቹን መቺዎች አስወጥቶ የዘጋው ዳንኤል ሐድሰን ነው። በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ልውውጥ ሁለቱም ከጃክሰን ጋር የተለዋወጡ ሰዎች። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምትኖሩ አንባቢዎች ከተማዋ በዚያ ሰሞን ቀይ ለብሳ አደባባይ ስትወጣ አይታችሁ ይሆናል። ጃክሰን ራሱ ሁለት ጊዜ የለበሰው ማልያ ነበር።

በዚያው 2019 ሜይ ወር ላይ፣ ኦክላንድ በታችኛው ሊግ ይዞት ሳለ፣ ለጥቂት ጥሬ ገንዘብ የጠየቀው ቡድን ቶሮንቶ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ለሰዓታት ብቻ ውሉን ይዞ ያለፈው ያው ብሉ ጄይስ። ሜይ 15 ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ጉብታው ላይ ሲወጣ ያኔ ያልለበሰውን ማልያ ለብሶ ነበር፤ 14ኛው። ክንዱ ግን ደክሟል፤ በዓመቱ በአጠቃላይ 3 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። በጁላይ ቶሮንቶ አሰናበተው፣ የቀድሞ ቤቱ ዲትሮይት ወስዶት ዓመቱን እዚያው ጨረሰ። በሜጀር ሊግ ዳግመኛ አልወረወረም። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ በሴፕቴምበር 2022፣ በ39ኛ ልደቱ ሰሞን፣ መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። 412 ጨዋታ፣ 107 ድል፣ 133 ሽንፈት፣ ሳይመቱ የወጡለት 1,508 መቺዎች። የሊጉ ደንብ አሥር ዓመት ላገለገለ ተጫዋች ሙሉ ጡረታ ይሰጣል፤ ቀኖቹ የተቆጠሩት በ14 ቡድኖች መዝገብ ቢሆንም፣ ድምሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖለታል።